የልጄ ትንፋሽና የእናቴ አጎዛ

ያን ጊዜ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። የምንኖረው በሰው አገር፣ ካላክላ በሚባል ሰፈር ነው፤ ግቢውን ከሌሎች ጋር ተጋርተን፣ በአንዲት ክፍል፣ እሷና እኔ ብቻ። ለሱብሂ ሰላት እቀሰቅሳታለሁ። አብረን እንሰግዳለን። ከዚያ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ እናቴ ከወሎ ስወጣ በሰጠችኝ የበግ አጎዛ ላይ ትጋደማለች፤ እኔ ዚክሬን እጨርሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት የምውል ነኝና ያቺ ግማሽ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ትበልጥብኝ ነበር።

የልጄ ሳልም የሚመጣው በዚያችው ሰዓት ነው። መጀመሪያ ዓይኗን ታሻለች፤ ቀጥሎ ታነጥሳለች፤ ከዚያ ደረቷ ማፏጨት ይጀምራል። ሁለት ቃል አስከትላ መናገር ያቅታታል። «እማ» ትልና ትንፋሽ ትወስዳለች። «ውሃ» ትልና እንደገና ትወስዳለች።

ሐኪሟ ለእሷ የሚነፋ መድኃኒት፣ ለእኔ ሥራ ሰጠችን። «አቧራ ነው የሚያስነሣባት» አለችኝ። «ደረቅ መጥረጊያ ተዪ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። አንሶላውን በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እጠቢ። ፍራሹን ሸፍኚው። ጭስ፣ ድመት፣ ጠጉር ያለው ምንጣፍ ከቤት ይውጣ።»

ደስ እያለኝ ወጣሁ። ማጽዳት እንጀራዬ ነው። አርካዊት በሚባል ሰፈር የአንዲት አሮጊት ሐጃ ቤት ማጽዳት ከያዝኩ ስንት ዓመቴ፤ ይህን ያህልማ አያቅተኝም አልኩ።

ምንጣፉን ለጎረቤት ሰጠሁ። ፍራሹን ፕላስቲክ አለበስኩት፤ ልጄ በተገላበጠች ቁጥር ይንኮሻኮሽና ሁለታችንን ያስቃል። ግራጫዋን የግቢ ድመት ደጃፋችን እንዳትደርስ ከለከልኩ፤ ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ሙከይፉን፣ ገለባውን በውሃ እያራሰ የሚያነፍሰውን ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው፣ ከፍቼ የሸተተውን ገለባ በአዲስ ቀየርኩ። ሀቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ ተነሥቶ ሰማዩ ሲቀላ የመስኮቱን ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ እደፍናለሁ።

ሳሉ አልተወንም። ማጽዳቴ ያነሰ መስሎኝ በቀን ሁለቴ ወለወልኩ። አንድ ቀን በረኪና ጨመርኩበት። ሽታው ጭራሽ አባሰባት፤ ግቢ ይዣት ወጥቼ፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙሬ፣ አላህን ይቅርታ ጠየቅኩ።

አጎዛውን ግን አልነካሁትም። ሰግደን ስንጨርስ በነጠላ ተጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ይሰቀላል። ጫማ አይረግጠውም። ውሃም አያውቀውም፤ አጎዛ ከታጠበ ቆዳው ይደርቃል ብላ እናቴ አስጠንቅቃኛለች። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ስጠረጥር ሱጁድ የምወርድበትን አልጠረጠርኩም። ሐኪሟ ጠጉር ያለው ምንጣፍ ስትል አጎዛው በሐሳቤም አልመጣም።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ሐጃን ጉልበቷን አመማትና «ልጅሽን ይዘሽ ጥቂት ቀን እኔ ዘንድ እደሪ» አለችኝ። ሄድን። በሁለተኛው ቀን ልጄ አላሳለችም። በሦስተኛውም አላሳለች። በአራተኛው ቀን ሐጃ ሻይዋን ይዛ ቁጭ እንዳለች ጠራችኝ።

«ያ ቢቲ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ «ልጅሽ ሳሏን የት ጣለችው?»

«አልሐምዱ ሊላህ፣ ሐጃ። የቤትዎ አየር ተስማማት።»

«የኔ ቤት አየር? ያ መጋረጃ ከታጠበ ስንት ወሩ ነው?»

መጋረጃውን የማጥበው እኔ ነኝ።

«መውቀሴ አይደለም» ብላ ሳቀች። «እዚህ የሌለ ቤትሽ ያለ ነገር ምንድን ነው?»

«ምንም የለም። ቤቴ ከቤትዎ ይበልጥ ንጹሕ ነው፣ ሐጃ።»

«እሱን አምኛለሁ። ደመወዙን የምከፍል እኔ፣ የሚጸዳው ያንቺ ቤት።»

የዐስር አዛን አለ። ተነሥቼ የእሷን ስስ የጨርቅ መስገጃ ዘረጋሁ። ሐጃ መስገጃውን አየች፤ እኔን አየች።

«ቤትሽስ የምትሰግጂው በምን ላይ ነው?»

«በእናቴ አጎዛ ላይ» አልኩ። ልጄ በየማለዳው የምትጋደምበት ያ ወፍራም ጠጉር ታየኝ። ለስንት ዓመት አቧራ ሲጠጣ ኖሯል፤ አንድ ቀን አጥቤው አላውቅም። ሰላቴን በዕንባ ነው የሰገድኩት።

ለእናቴ መንገሩ ከበደኝ። ያ በግ በገዛ እጇ ያሳደገችው ነው፤ ቆዳውንም ራሷ ነች ያለፋችው። በስልክ «አጎዛው ለልጅቷ ደረት አልሆነም» አልኳት።

«ስገጂበት ብዬ ሰጠሁሽ እንጂ ልጅ እፈኚበት አልኩሽ?» አለችኝ።

«ያንቺ ስጦታ ነው ብዬ እኮ ነው።»

«አጎዛማ በግ ሁሉ አለው። ልጅ የሰጠሽ ማነው? እሱን አመስግኚና አውጪው።» ከዚያ ድምጿ ለስለስ አለ። «አብሽሪ፣ ልጄ። አላወቅሽም።»

ልጥለው ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሐጃ ሰማችና «አምጪው» አለች። «እኔ ሳል የለብኝም፤ የሌለኝ ጉልበት ነው።» ተቀምጣ የምትሰግድበት ወንበር ላይ አነጠፈችው። እዚያው አለ። ልጄ ወደዚያ ክፍል አትገባም።

ከካላክላ ገበያ አንድ ሰሌን ገዛሁ። ውሃ አፈስበታለሁ፤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ቁርስ ሳናቀርብ ይደርቃል። ሳሉ በአንድ ቀን አልጠፋም። ሀቡብ ሲመጣ ዛሬም የሚነፋው መድኃኒት ከቦርሳዬ አይለይም። ነገር ግን የሱብሂው ፉጨት በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ።

አንድ ማለዳ ሰግደን እንደጨረስን እንደ ልማዷ ራሷን ጭኔ ላይ ጣለች። ዚክሬን እየቆጠርኩ ነበር። ግንባሯ ላይ የሰሌኑ ሰንበር ታትሟል። በጣቷ ዳሰሰችው።

«እማ፣ ይሄ ሰሌን ይቆረቁራል፣ ወላሂ፣ ግንባሬን መስመር በመስመር አደረገው፣ ትምህርት ቤት ይስቁብኛል፣ ያንን ለስላሳውን ከሐጃ ተቀበዪልኝ» አለችኝ።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው።

«አልቀበልም» አልኳት። ቆጠራዬ ጠፍቶኝ ከአንድ ጀመርኩ።