የማኅበር ቤት ላም

እላይ ሰፈር ከገባን በኋላ አንገታችንን ቀና አድርገን መሄድ ጀመርን። ሶዶ ያኔ ትንሽ ከተማ ብትሆንም ላይና ታች ነበራት፤ ላይ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ የሹማምንት ግቢ፣ ታች ደግሞ እንደኛ ያለው ሁሉ። አንድ ነጋዴ አገር ለቆ ሲሄድ ላይ ያለው ሰፊ ቤቱ ለሽያጭ ቀረበ። ብቻውን የሚገዛው ስለጠፋ አራት ቤተሰቦች ማኅበር አቋቁመን ገዛነው። ባሌና እኔ አስተማሪዎች ነበርን፤ የቀሩት የቢሮ ሰዎችና አንድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ክፍሎቹን ተካፈልናቸውና መሀል ያለው ሳሎን የጋራ ሆነ። ሳሎን ስል ሰርግ የሚያስደግስ ማለቴ ነው፤ ወለሉ ሳንቃ፣ መስኮቱ ባለመስታወት፣ ሰማይ ሲጠራ ዐባያ ሐይቅ ከሩቅ የሚታይበት።

ችግሩ፣ ሳሎኑ ውስጥ ምንም ማድረግ አይቻልም። የማኅበራችን ሰብሳቢ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ወለሉን በሰም ያስወለውልና እኛን በር ላይ ጫማ ያስወልቀናል። ልጆች አይሮጡም፣ ጎመን አይሸትም፣ ጮክ ተብሎ አይሳቅም። "ይህ የሠለጠነ ሰው ቤት ነው" ይላል። እኛም ለመሠልጠን ስንል በእግር ጣታችን እየረገጥን እናልፋለን። ባሌ አንድ ቀን በካልሲ አንሸራትቶት በጀርባው ሲዘረጋ፣ ሰብሳቢው ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነው።

በዚህ መሀል የመጀመሪያ ልጄን አረገዝኩ። ፈራሁ፤ እናቴን ፈለግኩ። ሌላ የምለው ነገር የለኝም። እናቴ አባታችን ከሞተ ወዲህ የትውልድ አገራችን ገሱባ ውስጥ ከአንዲት ላም ጋር ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ነይ ባልኳት ቁጥር የምትልክብኝ መልስ አንድ ነው፦ "ላሟንስ ለማን ልተዋት?" በሰው ልጅ የማልቀና ሴት በላም መቅናት ጀመርኩ። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ተናደድኩና ለገበያ በመጣ ሰው "እንግዲያው ከነላምሽ ነይ!" ብዬ ላክሁባት። እኔ በንዴት የተናገርኩትን እሷ በቁም ነገር ወሰደችው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ላሟን እየነዳች ግቢያችን ገባች። በእኛ አገር ከብት ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት። እኔም ከተማ ገብቼ ረሳሁት እንጂ ላም ስታመሰኳ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናቴ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ያንን ሁሉ ባዶ ቦታ አየችና በወላይትኛ ጠየቀችኝ።

"እዚህ ማን ነው የሚተኛው?"

"ማንም።"

ፊቷ በራ። "የሠራው ሰው ዐዋቂ ነው" አለችና ላሟን አስገብታ ጥግ ካለው ትልቅ ጠረጴዛ እግር ጋር አሰረቻት። ሳንቃው እንዳያንሸራትታት ከጎረቤት ጓሮ የእንሰት ቅጠል ለምና ጎዘጎዘችላት። መከልከል ነበረብኝ። ግን የሰብሳቢው ፊት ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጓሁና ተውኳት።

ኮቴ ሰምቶ ከክፍሉ ሲወጣ ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው። ላሟ አየችው፤ አየችውና ጅራቷን አነሳች። የሆነው ሁሉ በተወለወለው ሳንቃ ላይ ሆነ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ።

"ላም ይመስለኛል" አለ ባሌ፣ ፊቱን በጋዜጣው ከልሎ።

የእናቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም። ሰብሳቢውን ልታረጋጋ ጠጋ አለችና "ልጄ፣ አትፍሪ፤ እሱ አይዋጋም" አለችው። ሰውዬው ከላሟ ይልቅ በዚህ ደነገጠ።

"ነገ ከሰዓት ስብሰባ አለ!" ሲል ጮኸ። "ላሟ ከዚህ ግቢ ትወጣለች!"

"እሱ ከወጣ እኔም ወጣሁ" አለች እናቴ።

ሳቄ ጠፋ። እንደምታደርገው ዐውቃለሁ። ሌሎቹ ሦስት ቤተሰቦች ላሟ ትውጣ ብለው እጅ ካወጡ እናቴ ሰኞ ጠዋት የገሱባን መንገድ ይዛ ትሄዳለች፤ እኔም ብቻዬን እወልዳለሁ።

እናቴ ግን ወለሉን እያስጠረገችኝ ሌላ ነገር ታስባለች። "ይህ ቤት የማን ነው?" አለችኝ። የሁላችንም ነው፣ ለብቻው የሚያዝበት ሰው የለም አልኳት። "ታዲያ ኮታ ነው በይኛ!" አለች። ኮታ ማለት በእኛ ዘንድ አንዲትን ላም ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ መያዝ ነው። ወተቷም ጥጃዋም የጋራ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሳያማክር ላሟን መሸጥም ማባረርም አይችልም። እናቴ ይህን ብላ ላሟን አለበችና ወተቱን ይዛ የሴቶቹን በር ተራ በተራ ማንኳኳት ጀመረች። በየበሩ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ሳቅ ግን ሰማሁ፤ ያውም በዚያ ቤት።

እሑድ ከሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ኮቱን ቆልፎ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ ሳንቃ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻም እጁን ወደ ላሟ ዘርግቶ "የዚህች ላም ባለቤት ትቁም!" አለ።

እናቴ ቆመች። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ቆመች። ባሏ ቀሚሷን ሳብ ቢያደርግም አልተቀመጠችም። የሦስተኛው ቤት እመቤት ቆመች። ከሁሉም በኋላ የሰብሳቢው ሚስት ሕፃኗን እንዳዘለች ተነሣች።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"እኔም ድርሻ አለኝ" አለችው። "ጠዋት ሁለቴ ያስቀዳኸኝ ወተት ከሰማይ የወረደ መሰለህ?"

ሁዳዴ ቢሆን ኖሮ ተሸንፈን ነበር። ግን ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ወተት አይከለከልም። ላሟ ከሳሎን ወጥታ ከኋላ ባለው መጋዘን እንድትኖር ተወሰነ። እናቴም ቀረች። ሳምንት ሳይሞላ ሰብሳቢው ከቢሮ ሲመለስ ሣር በብብቱ ይዞ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከስብሰባው በኋላ እናቴና እኔ ተንበርክከን ሳንቃውን ስናጥብ ሳቄ አልቆም አለ። ድንገት ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

"ስንት ዓመት ሙሉ ላሟን አልለይም ስትዪኝ ኖረሽ፣ በአንድ ቀን ለማታውቂው ሰው ሁሉ አከፋፈልሻት? ለአንቺ ምን ቀረልሽ?"

ቀና አላለችም፤ ወለሉን ማሸቷንም አላቆመችም።

"እህትሽም ነይ ብላኝ ነበር" አለች። "ያኔም ላም ነበረኝ።"

ታላቅ እህቴ ዱቦ ወደሚባል አገር ተድራ በመጀመሪያ ልጇ ምጥ እንደሞተች ዐውቃለሁ። እናታችንን መጥራቷን ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር። እሷ ጨርቁን ጨምቃ "በቃሽ፣ ተነሺ፤ ሆድሽን እንዳትጫኚው" አለችኝ።