ሳህኑን ያልጨረሰ ምክንያቱን ይናገራል

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሂውስተን

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ይህን ሁሉ መንገድ የምነዳው ለሽርሽር አይደለም። ሐዋሳ የእናታቸው ጎረቤት ነበርኩ፤ ዳዊትና ታናሽ እህቱ ሰናይት አጠገቤ ነው ያደጉት። አሁን ሁለቱም ዳላስ አካባቢ እየኖሩ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ስታርፍ ዳዊት ለሰናይት ሳይነግራት አሥራ አንድ ቀን ቆየ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሰብስቤ አረዳታለሁ ብሎ ነው። ከስዊድን አንድ ዘመድ ለሰናይት የላከላት «ጌታ ያጽናናሽ» የሚል ቴክስት ቀደመው።

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል፣ ዩለስ

መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ማደያ ላይ በሁለት ዶላር ከምናምን የገዛሁት ቡና ካርቶን ካርቶን ይላል። ዩለስ ስደርስ አውሮፕላኖቹ የሰናይትን አፓርትመንት ጣሪያ ሊነኩ ትንሽ ነው የቀራቸው። እሷ እዚያው ዳላስ ኤርፖርት ውስጥ ተሳፋሪ በዊልቸር ትገፋለች። ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ መኪናዬ ውስጥ ገባች።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የምሄደው። እኔ ፎርጊቭ አድርጌዋለሁ፤ ማየት ነው ያልፈለግኩት።»

«ይቅር ያሉትንማ ያዩታል» አልኳት። ቀበቶዋን አስራ ሬዲዮውን ከፈተች።

6 ሰዓት፣ ፎርት ወርዝ

ክሪዮል የሚባለውን የሉዊዚያና ምግብ የሚሸጠውን ቤት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሀበሻ ቤት ብንገናኝ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ይገባል። የድሮ ጎሚስታ ቤት ነው። ወንበሮቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ ለእኔ የደረሰኝ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ነው። ሜኑ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቷ ሚስ ሎላ፣ የሉዊዚያና ሴት፣ የሠራችውን ታመጣለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዶላር ትቀበላለች። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ሳህኑን ያልጨረሰ ተነስቶ ምክንያቱን ይናገራል» ተብሎ ተጽፏል።

ዳዊት ከሚኖርበት ከፍሪስኮ መጥቶ ቀድሞናል፤ የቢሮ ባጁን ከአንገቱ አላወለቀም። እንደማይተዋወቅ ሰው ተጨባበጡ። ዶሮና ባሚያ ያለበት ጠይም መረቅ በሩዝ መጣ። ሽታው ያሳብዳል። እኔ ግን ሽማግሌ ነኝና እርቅ ሳይወርድ እህል አልቀምስም ብያለሁ፤ አፌን ረገምኩት። እነሱም አልነኩትም።

ሚስ ሎላ ተመልሳ ስትመጣ ሦስት ሙሉ ሳህን ጠበቃት።

«ምግቤ ምን ጎደለው?» አለች። ላስረዳት አፌን ስከፍት ጣቷን ወደ ሰናይት ቀሰረች። «አንቺ ተነሺ።»

ሰናይት ተነሳች። በእንግሊዝኛ የተናገረችው ለሴትየዋ ነው፤ ወንድሟን አላየችውም።

«እናቴ ሞታ ነበር። እሱ እያወቀ፣ ጉንፋን ነው፣ ድምጿ ተዘግቷል አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለሞተ ሰው ቮይስ ሜሴጅ እልክ ነበር። ማር በሎሚ ጠጪበት እያልኩ።»

ዳዊት ማንም ሳያዘው ተነሳ። የመለሰው በአማርኛ ነው።

«እኔን ማን አረዳኝ ሰኒ? ሥራ ቦታ ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ ነው ኮል ያደረጉልኝ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ። ማለቴ... አንቺ እንደዛ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

ይህን እኔም ገና መስማቴ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ሰናይት አሁን አየችው። «ሶ፣ ያን ሁሉ ቀን ብቻህን ነበርክ?»

«አዎ።»

«ብትነግረኝ እኮ እመጣልህ ነበር።»

ሚስ ሎላ አማርኛ አትሰማም። ሳህኖቻችንን ሰብስባ ልታሞቃቸው ወሰደች። ሲመለሱልን ሦስታችንም በላን፣ እኔ ደገምኩ።

9 ሰዓት፣ መኪና ማቆሚያው

ሂሳብ ከፍዬ ስወጣ ሰናይት የዳዊት መኪና ውስጥ ገብታለች። ሁለቱም ድምፅ አውጥተው ያለቅሳሉ፣ እናታቸው ዛሬ ያረፈች ይመስል። ቁልፌን አውጥቼ ነበር፤ ሂውስተን ሩቅ ነው። ግን ለቅሶ ተጥሎ አይኬድም። የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁና ለቅሶ ደረስኩ።