ታልቅስ ያልኳት ልጅ

ካዛንቺስ ክሊኒክ፣ ራጅ ክፍል በባለሙያነት የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጋውኔን እየቆለፍኩ ሳለ ተረኛው ነርስ በሩን ከፍቶ፣ “ትናንት ራጇ ንጹሕ ነው የተባለላት ልጅ ተመልሳ መጣች። ትንፋሿ እያፏጨ ነው” አለኝ።

ከወልድያ ገና መምጣቴ ነበርና ከተማው ውስጥ የማውቀው ሰው የለም። በልቤ “አምላኬ፣ አንተ እርዳኝ” ብዬ ወጣሁ።

ነኢማ ሁለት ዓመት አልሞላትም። እናቷ ሰሚራ ከክሊኒኩ ወረድ ብሎ ሱቅ አላት፤ ጎረቤቶቿ አጅበዋት ኮሪደሩን ሞልተውታል።

“ለውዝ እየበላች ሳቀች፣ ትን አላት፣ በቃ” አለች ሰሚራ።

ዶክተሩ የትናንቱን ፊልም ወደ መብራቱ አነሳ። “ለውዝ በራጅ አይታይም። የሚታየው መውጫ ያጣው አየር ነው። ይሄኛው አየር ስታስገባ የተነሳ ነው፤ አሁን ስታስወጣ አንሺልኝ።”

አዋቂ ቢሆን “ትንፋሽህን አስወጣ፣ ያዝ” ይባላል። ሕፃን ግን ሳንባዋን የምታራግፈው ስታለቅስ ነው። ያውም ጨረር ስለሆነ ደጋግሞ ማንሳት የለም፤ ለውዙ ተንቀሳቅሶ ሊያንቃት ስለሚችል ማስለቀሱም ስጋት አለው። ዶክተሩ ኦክስጅን አስመጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ሰሚራ እርጉዝ ስለነበረች መግባት አልቻለችም። ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ነኢማን ሊይዙ ገቡ። የጨረር መከላከያውን ሽርጥ ሳለብሳቸው፣ “ምነው፣ ወፍጮ ነው እንዴ የምታሸክሚኝ?” አሉ።

ነኢማ ማልቀስ ስትጀምር እትዬ “እሹሩሩ፣ የኔ እናት” አሉ። ውጭ ያሉትም በሩን እየመቱ “አይዞሽ ነኢምዬ!” ይላሉ። ልጅቷ ዝም አለች።

“እትዬ፣ አያባብሏት። ታልቅስ።”

“ታልቅስ?” አፈጠጡብኝ። “ለመሆኑ ልጅ አለሽ?”

“የለኝም።”

“ያስታውቃል!”

የራጅ ማንሻውን ቁልፍ ይዤ ጠበቅኩ። እሳቸውም አኩርፈው ማባበሉን ሲተዉ ነኢማ ጮኸች። ድምጿ እየቀጠነ ሄዶ ሊያልቅ ሲል ቁልፉን ተጫንኩ።

ዶክተሩ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀላቸው። በአዲሱ ላይ ግራው ሳንባ አየሩን አውጥቶ አንሷል። ቀኙ እንደተነፋ ቀርቶ ልቧን ወደ ግራ ገፍቶታል። “ለውዙ በቀኝ በኩል ነው የዘጋት” አለና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላካቸው። ጎረቤቱ ሁሉ እየተጋፋ ተከትሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ሆስፒታሉ ደወልኩ። “ለቤተሰብ ካልሆነ አንናገርም” አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ከወራት በኋላ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ያ ሰፈር ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ሰዉ የት እንደገባ የሚነግረኝ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ሕፃናት ራጅ አንስቻለሁ፣ ዛሬም አነሳለሁ። ለአዲስ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው፦ ትን ላለው ሕፃን አየር ሲያስገባ የተነሳ ንጹሕ ፊልም ብቻውን በቂ አይደለም።

ጠዋት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስቆም ነኢማን በስሟ እጠራታለሁ። ከሕያዋን ጋር ልጥራት ወይስ ከሙታን ጋር፣ አላውቅም፤ እዚያ ላይ ስደርስ ጸሎቴ ይደናቀፍብኛል። እትዬ አስካለ፣ የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ልጅቷ መትረፍ አለመትረፏን አንዳችሁ ንገሩኝ።