ያለ መርዶ የወረደ ሙሾ

እትዬ ኮከቤ ያልተገኙበት ለቅሶ በእኛ አገር ለቅሶ አይባልም ነበር። ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ከምትርቀው መንደራቸው በጭቃውም በውርጩም ይመጣሉ። የሚተዳደሩት የበግ ጠጉር ፈትለው፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች በመሸጥ ነው። ሙሾ የሚያወርዱት ግን ለነፍሳቸው ነው፤ ሰባራ ሳንቲም አይቀበሉበትም። ሟቹ ደግ ከሆነ ደግነቱን ይናገራሉ፣ ስስታም ከሆነም አይደብቁለትም። ለጎረቤት እፍኝ ገብስ አበድሮ የማያውቅ አንድ ሀብታም የሞተ ቀን እንዲህ አሉ፦

ጎተራው ሙሉ ነው ምንም አልጎደለ፣
ጌታው ያለ ስንቅ ምነው ኮበለለ።

ልጆቹ ሳይቀሩ እያለቀሱ ሳቁ። ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤታሞችንም አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው፣ አንዱን በሌላው ሐዘን እያስለቀሱ ያስታርቃሉ። እኔ በኋላ በክበብና በስብሰባ ስደክምለት የኖርኩትን ነገር እሳቸው በሁለት ስንኝ ይጨርሱት ነበር።

አዳነ እባላለሁ፤ በ1994 ዓ.ም. አማርኛ ላስተምር መሐል ሜዳ ተመደብኩ። ወጣት ነበርኩ፤ አገር የማቀና ይመስለኛል። መምህራንን፣ ተማሪዎችንና ሁለት የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን ሰብስቤ የቲያትር ክበብ አቋቋምኩ። ዓላማችን ለከተማው ልጆች ማንበቢያ ክፍል መሥራት ነበር። መንዝ ደግሞ ድንጋይ አይቸግርም፤ ስለዚህ የቲያትሩ መግቢያ አንድ ድንጋይ ሆነ። ሽማግሌው በትከሻው፣ ባልቴቷ በነጠላዋ ቋጥራ ይመጣሉ። ትልቅ ድንጋይ ያመጣ ፊት ይቀመጣል።

እትዬ ኮከቤ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ማዕረግ ይባላል። በ1991 ዓ.ም. ዘምቶ ደብዳቤው ከዓመት በኋላ ቆመ። ጦርነቱ አለቀ፣ የብዙ ቤት መርዶ መጣ፤ የእሳቸው ግን አልመጣም። በእኛ ዘንድ መርዶ ሳይነገር አይለቀስም። ስለዚህ ለጎረቤቶቻቸው ልጆች ሁሉ ሙሾ አወረዱ፣ ለማዕረግ ግን አንዲት ስንኝ ሳይተነፍሱ አራት ዓመት ኖሩ። በገበያ ቀን የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲገባ ከመኪና ተራው አጥር ሥር ቆመው የወራጁን ፊት አንድ በአንድ ያያሉ። መጨረሻ የወረደውን ካዩ በኋላ ፈትላቸውን አንስተው ወደ ገበያ ይገባሉ።

በ1996 ዓ.ም. የልጇን መርዶ ስለምትሰማ እናት ቲያትር ጻፍኩ። የእናቲቱን ቦታ የምትጫወተው ተማሪ ሙሾው ላይ ስትደርስ የክፍል ግጥም የምታነብ እየመሰለች አስቸገረችኝ። እትዬ ኮከቤ ቤት ሄድኩ።

«ሬሳ ሳይኖር ሙሾ? ኧረ ልጄ፣ ሟርት ነው!» አሉ፣ እንዝርታቸውን አቁመው።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ እትዬ ኮከቤ። ለልጆቹ ነው። እርስዎ ከገቡበት ሰዉ ይግተለተላል፤ ድንጋዩ ይሞላልናል።»

«የማን እናት ልሁን ነው የምትለኝ?»

«ወታደር ልጃቸው የሞተባቸው እናት።»

እንዝርታቸውን መልሰው አሾሩ። ከዚያ፣ «ለልጆቹ ከሆነ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ለሰው ጉዳይ እምቢ ማለት አያውቁበትም።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የማዕረግን ነገር ረስቼው አልነበረም። እንዲያውም ወደ እሳቸው የሄድኩት ስለ እሱ ነው። አራት ዓመት ያመቁት ለቅሶ እንዳለ አውቅ ነበር፤ እሱን ለመድረኬ ፈለግሁት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ያደረግነው የእህል መጋዘን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እትዬ ኮከቤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሞች እኔ ባወጣሁት ስም አወረዱ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተለወጠ።

በሬን አልዘጋሁም ብርዱ እየገባ፣
ማዕረግ ይመጣል ስል ስንት መስከረም ጠባ።

ወዲያው ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተነሡ። የመጋረጃው ገመድ በእጄ ነበር። አንዴ ብስበው ያበቃ ነበር። አልሳብኩትም። እንደዚያ ያለ ነገር በመድረክ ላይ አይቼ አላውቅም፤ የእኔ ቲያትር ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ጻድቅ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤቴ መጡ።

«መምህር፣ መርዶ እንዲህ ተብሎ ሲነገር በዕድሜያችን አላየንም። ብልህ ነህ። ከማን ሰማኸው?»

«ከማንም አልሰማሁም። ቲያትር ነው እኮ! ልጁ ደህና ሊሆን ይችላል።»

ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ በቀጥታ አይናገርም፤ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» እያለ ነው የሚያዋዛው። ስለዚህ አላውቅም ባልኩ ቁጥር አውቃለሁ ማለቴ ሆነ። አቶ ወልደ ጻድቅ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ግድ የለም፣ ድንኳኑን ተክለናል» አሉኝ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። እትዬ ኮከቤ ፊታቸውን ነጭተው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሁለት እጄን ያዙ።

«መምህር፣ ልጄ፣ በማርያም፣ እውነቱን ንገረኝ። ሞቷል?»

የዚያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። «ልጅዎ መሞቱን የሚያውቅ የለም፤ እኔ ለጭብጨባ ብዬ ነው ያስለቀስኩዎ» ማለት ነበረብኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየኛል። አፈርኩ። «እኔ እንጃ፣ እትዬ ኮከቤ» ብዬ አቀረቀርኩ። ማቀርቀሬን እንደ መልስ ወሰዱት።

«በቃ» አሉ። «እግዜር ይስጥህ፤ ገላገልከኝ።»

ለማዕረግ ብለው ያቆዩት ሙክት ለተዝካሩ ታረደ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ሲገባ እትዬ ኮከቤን መኪና ተራ ያያቸው የለም፤ ፈትላቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ገበያ ያልፋሉ። ማንበቢያ ክፍሉ ተሠራ፤ እሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ድንጋይ ተሸክመዋል። ከተማው ሁሉ፣ «መምህር ባይኖር ያቺ እናት እንደቆመች ትቀር ነበር» እያለ አመሰገነኝ። ምስጋና ይለመዳል። እኔም ቀስ በቀስ ሳልክድ፣ ሳላምንም መስማት ለመድኩ።

በ1998 ዓ.ም. ከአቶ ወልደ ጻድቅ ጋር ጠላ እየጠጣን ስለ ደጋግ ሥራዎቻቸው ያጫውቱኝ ጀመር። እሳቸው መቼም አንዴ ያመኑትን አይለቁም።

«አንተ ለክረምት ትምህርት የሄድክ ጊዜ» አሉኝ፣ «አንድ ወታደር ነኝ ባይ መጥቶ ነበር። ‹ማዕረግ ተማርኮ ቆይቶ ተመልሷል፤ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እናቴ ትምጣልኝ ብሏል› አለኝ። አታላይ! ተዝካሩን የበላሁለትን ሰው! ቁስሏን እንዳይነካባት ብዬ ከመንገድ መለስኩት። ለእሷም ትንፍሽ አላልኩ።»

የጠላውን ዋንጫ አስቀመጥኩ። ሆስፒታሉ የቱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ያስታውሱት ነበር። ለትምህርት ቤቱ አሞኛል ብዬ ሦስት ቀን በመኪና ወደ ሰሜን ተጓዝኩ። አንዲት ነርስ መዝገብ ገልጣ አየችልኝ። ማዕረግ የሞተው በጥር 1997 ዓ.ም. ነበር። እኛ ካለቀስንለት ዘጠኝ ወር፣ መልእክተኛው ከተመለሰ ደግሞ ስድስት ወር በኋላ ማለት ነው።

«አስታውሰዋለሁ» አለችኝ። «መጀመሪያ ድኜ በእግሬ ነው የምገባው ብሎ ለቤተሰብ መላክ እምቢ ብሎ ነበር። ሲብስበት ላከ። ከዚያ በኋላ አልጋው ወደ በሩ እንዲዞርለት ለመነን። እናቴ ዛሬ ትደርሳለች ይል ነበር፣ በየቀኑ።»

ስመለስ ከመኪና እንደወረድኩ በቀጥታ የእትዬ ኮከቤ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ አመድ የመሰለ ፊቴን አይተውም ተጨነቁ።

«ምን ሆነሃል፣ ልጄ? የሞተብህ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩ።

«ተመስገን። እኔ እንደሁ ለአንተ ሳልጸልይ የተኛሁበት ሌሊት የለም። ልጄ በባዕድ አገር በረሃብ በጥም ይሰቃይ ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ተቃጠልኩ! አንተ ነህ ያሳረፍከኝ።»

ዳቦዬን በላሁ። ሌላም ቆርሰው ጨመሩልኝ፤ እሱንም በላሁ። ከዚያ ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነው። እትዬ ኮከቤ አሁንም አሉ፣ ዓይናቸው ብቻ ደክሟል። በየዓውደ ዓመቱ ዳቦ ይልኩልኛል፤ ልጆቼም አያቴ ነው የሚሏቸው። መርዶውን በየዓመቱ ልነግራቸው እነሣና ድፍረት አጣለሁ። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ለማውጣት የደፈርኩትም እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ነው።