የጀርመኖቹን ታሪክ በሱቄ ያወራሁ ቀን

ያ ወሬ ያስከፈለኝ አንድ ወዳጅ፣ ደህና ምሳ የምበላበት አንድ ቤትና በፎገራ ሜዳ ወደር የሌለው ማጭድ ነው። አፌን ዘግቼ ሩዜን ብሰፍር ኖሮ ምንም አልከፍልም ነበር።

ታሪኩን የሰማሁት በራዲዮ ነው፤ እውነተኛ ታሪክ። ናዚዎች አይሁዶችን እያሳደዱ ሲገድሉ አንዳንድ ጀርመኖች በድብቅ እምቢ አሉ። አይሁድ ጎረቤታቸውን ጣሪያ ሥር ሸሽገው፣ በራሽን ከሚሰፈርላቸው ቆርሰው ያበሉ ነበር። ማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ የሚታጠበውን ሰሃን እየቆጠረ ለፖሊስ ይጠቁማል። ይቺ የሰሃን ነገር ወዲያው ገባችኝ። እዚህ ወረታ ከተማም ማን ከማን ጋር እንደበላ የሚቆጥር ሞልቷል።

የሩዝ አጨዳ ሊጀመር ሲል ሱቄ ማጭድ በሚጠብቁ ገበሬዎች ተሞላ። ማጭዱን የሚሠራልኝ ቀጥቃጭ የማጭዱን እስር ይዞ መጣና እንደ ልማዱ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ብረቱን ይወዱለታል፤ እሱን ግን ቡዳ ነው ብለው አብረውት አይበሉም። የዚያን ቀን አላስችል አለኝና የጀርመኖቹን ታሪክ አወራሁላቸው።

አንድ ሽማግሌ፣ "ጀርመን ቡዳ አይፈራም ኖሯል?" አሉ። ሁሉም ሳቁ።

"እርስዎ ደግሞ! ለእነሱም ያኔ አይሁድ ክፉ ነው ተብሎ ተነግሯቸው ነበር። የተነገራችሁን ሁሉ የምትውጡ እናንተ ብቻ አይደላችሁም" አልሁ።

"ሰማችሁት? ከገዳይ ጋር በአንድ ጆንያ ከተተን!" አለ አንዱ ጎረምሳ። "አንተ ነጋዴ፣ መጀመሪያ ሚዛንህን አስተካክል!"

ሽማግሌው በዱላቸው ወደ ደጅ አመለከቱ። "ተዉት፤ አንድ ነገር ልጠይቀው። አንተስ የሱን እንጀራ ቀምሰህ ታውቃለህ?"

ስንት ጊዜ በጓሮ በር ገብቼ ቤቱ በልቻለሁ፤ የትናንቱ የጓያ ሽሮ ጣዕም ገና ከአፌ አልጠፋም። የገበሬዎቹን ፊት አየሁ። ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው።

"ኧረ ምን በወጣኝ!" አልሁ።

ቀጥቃጩ ተነሥቶ እስሩን ተሸከመ። "ጀርመኖቹም ሲጠየቁ ዋሽተዋል፤ ሰው ሊያድኑ" አለኝ። "አንተ ማንን ልታድን ነው?" ብሎኝ ሄደ።

"ማጭዱስ?" አሉ ሽማግሌው።

አሁን ቀጥቃጩ ማጭዱን ሐሙሲት ገበያ ይሸጣል። እኔ ከባሕር ዳር የሚመጣውን እሸጣለሁ፤ ቶሎ ዱልዱም ይሆናል። ከገበሬዎቹ ከሱቄ የቀረ አንድም የለም። ምሳዬን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እበላለሁ።