የጋሽ ሰይድ ባሌስትራ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ዘርዝሬያለሁ፤ ይችን ግን ሁልጊዜ ዘልያት ነው የምነሳው። ሳስታውሳት ፊቴ ይፈካብኛል። ፊቱ እየፈካ የሚናዘዝ ሰው ማን ያምነዋል? እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ጋራዥ ነበረችኝ። ከእሷ ሌላ ያለኝ ከቁርጥራጭ ለቃቅሜ ያቆምኳት አንዲት ጂፕ ነበረች። ሚስቴ አስካለ የአንኮበር ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ቀኗ ተቃርቧል። የጂፔ ባሌስትራ ግን፣ ያ ከሆዷ ሥር ተነባብሮ ጉድጓዱን የሚችልላት ብረት፣ አልቋል። እንደ ክፉ በቅሎ ትራገጣለች። ነፍሰ ጡር በእሷ ይዤ ያን ሁሉ ድንጋይ እንዴት ልሻገር?

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሰይድ ጂፑን እኔ ዘንድ አቆመ። ቆላ እየወረደ የሚነግድ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ ልጁ የሚያየኝ ሰው ነው። በረሃውን አቋርጦ ታናሽ እህቱን ሊድር ነው፤ አባታቸው ስለሌለ ኒካሁ የሚታሰረው በእሱ እጅ ነው። ለዚያ መንገድ ብሎ ረጃጅምና ለስላሳ የሆነ አዲስ ባሌስትራ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ እንዳስገባለት ሰጥቶኝ ሄደ።

እኔ ምን አደረግሁ? አዲሱን ለራሴ ጂፕ አስገባሁ። የእሱን አሮጌ አጥቤ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ መልሼ ገጠምኩለት። እያፏጨሁ ነው የሠራሁት።

ያንን ጉዞ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ጠዋት ነው፤ በገብሱ ላይ ያደረው ውርጭ እየቀለጠ ነው። አስካለ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስታይ ዓይኗን ጨፍና ከፊቷ ያለውን መያዣ ብረት ጨበጠች። ጂፗ ዝቅ ብላ ቀስ ብላ ተነሳች። አስካለ ዓይኗን ገለጠችና ሳቀች። ምን አደረግካት ብትለኝ፣ ሠራኋት አልኩ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ባየች ቁጥር በዚያ በኩል ሂድ እያለች ታዘኝ ጀመር፤ እኔም ሆነ ብዬ እየፈለግሁ እነዳ ነበር። አንኮበር ስንደርስ አማቼ የጂፗን የፊት መከላከያ በእጃቸው ጫን ጫን እያደረጉ፣ ይኼማ ፍራሽ ነው አሉ። የመንደሩ ሰው ተራ በተራ እየመጣ ተጫነው። ብልህነቴን አወሩ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። በማግስቱ ልጄ ተወለደች፤ እልልታው ገደሉ ድረስ ተሰማ።

ስመለስ ባሌስትራውን ልቀይርለት አስቤ ነበር። ግን አራስ ሚስቴና ልጄ በምን ይመለሳሉ? ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ጋሽ ሰይድ መጣ። አዲሱን አስገባህልኝ ወይ አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩት።

መርቆኝ ሄደ። በረሃው መሀል ባሌስትራው ተሰበረ። የግመል ነጋዴዎች ደርሰው እስኪያወጡት ከግራር ሥር ሰነበተ። ሙሽራዋ መንገድ መንገዱን ስታይ ቆይታ፣ በመጨረሻ ኒካሁ በአጎቷ ታሰረ።

ጋሽ ሰይድ ሲመለስ አስካለና ልጄ ከአንኮበር መጥተው ነበር፤ ገና ጫማው አቧራ እንደለበሰ ስኳርና ነጭ ሻሽ ይዞ ቤቴ ገባ። የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። ፊቴን አይቶ ያዘንኩለት መሰለውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ብረት ነው፣ ይሰበራል። አንተ ምን ታደርግ? ይልቅ ልጅቱን አሳየኝ።»

አቀፋት። የእህቴን ሠርግ ባላይ የዚችን አያለሁ አለ። አየም። ልጄ ስትዳር ሽማግሌ ሆኖ ከፊት ተቀምጦ፣ ከሁሉ በላይ እሱ ሲያጨበጭብ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ልነግረው ነበር። ምሳ ቀረበልህ ወይ ብዬው ተመለስኩ።

ዛሬ እሱ የለም። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች ብዬ ይቅር በሉኝ አልልም። ብለምነው ኖሮ፣ ጋሽ ሰይድ የእህቱን ሠርግ ቀን አስገፍቶም ቢሆን ያን ባሌስትራ ያውሰኝ ነበር። ይህን ዛሬ የደረስኩበት አይደለም። እያፏጨሁ ብሎኑን ሳጠብቅም አውቀው ነበር።