ያልነበሩትን አያቴን ልሰርዝ ወደ ሱሉልታ

እናንተስ፣ አያት ፈጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈጥሬያለሁ። መምህር ነኝና በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ሰበታ።
ሚኒባሱ እስኪሞላ እንጠብቃለን። የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የጎመን ጆንያ፣ ጭቃ። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቼ ላገባት የምፈልጋትን ሌንሴን ሊጠይቁልኝ ሱሉልታ ሄደው ነበር። እንደ ደንቡ ዘሬ ተቆጠረ፤ በሰባት ቤት ውስጥ የተዛመዱ አይጋቡም። እኔ የማውቀው አራት ብቻ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ሸክላ ሠሪ። አፈርኩባቸው። በፎቶ ኮፒ ከሚዞር የነገሥታት የዘር ሐረግ ላይ አቤቶ ዘመልአክ የሚባሉ ልዑል መርጬ በቦታቸው ተካሁና ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ። የሌንሴ አባት ስሙን ሲሰሙ «እሳቸውማ የእኛም አያት ናቸው!» አሉ። ጋብቻው እዚያው ቀረ።

3 ሰዓት፤ ቡራዩ።
የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ቶላ ደጃቸው ላይ ቂንጬ ይበላሉ። እውነቱን ነገርኳቸው። ማንኪያውን አስቀመጡ።

«በዚህ ሽበቴ ለፎቶ ኮፒ ምስክር ሆንኩ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ።»

«ልዑል ካማረህ ደግሞ ምነው ዘመድ ያልበዛበትን ብትመርጥ!»

ሳቁ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ። ጋቢያቸውን ደርበው አብረውኝ ሊሄዱ ተነሡ።

6 ሰዓት፤ ሱሉልታ።
ከእንጦጦ ማዶ ብርዱ ይጀምራል፤ የድርቆሽ ክምር፣ ላሞች፣ አዲስ ቆርቆሮ። ሹፌሩ ዝምታችንን አይቶ «ለቅሶ ነው?» አለ።

«ሰውየው አልሞቱም፤ ድሮውንም አልነበሩም» አሉ ኦቦ ቶላ።

የሌንሴ አባት ኦቦ ደምሴ «አካም ጅርቱ» ብለው አስገቡን። ሌንሴ በሩ ጋ ቆማለች። ፊቴ እየጋለ ሁሉንም ተናገርኩ። «አራተኛው አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

«ስማቸው ማነው?» አሉ ኦቦ ደምሴ።

«ጉርሙ።»

«ምን ቢያደርጉህ ነው ከቤት ያባረርካቸው?»

ያኔ ሌንሴ «አባዬ፣ የእኛስ ዘመልአክ ከየት መጡ?» አለች።

ኦቦ ደምሴ መሬት መሬት አዩ። «አጎትሽ ነው… በወረቀት ያመጣቸው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሂድ፣ የዘመዶችህን አዛውንቶች ጠይቅ። እኔም እጠይቃለሁ። የሳምንቱ እሑድ ሁለታችንም የእውነቱን እንቆጥራለን፤ ዘራችን ካልተገናኘ ልጄን እሰጥሃለሁ።»

እናንተም ዛሬ ሰባት ቤታችሁን ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። የማታውቁት ላይ «አላውቅም» በሉ። የምታፍሩበት ላይ ስትደርሱ ግን ስሙን ሁለት ጊዜ ጥሩ።